ከፎቶው ጥግ የቆመችው ልጅ

ፎቶ ማንሳት ለማቆም የወሰንኩት ደብረ ብርሃን ገበያ ውስጥ አንድ ሰውዬ የካሜራዬን ማንገቻ ጨምድዶ በያዘኝ ዕለት ነው። በግ ሻጮቹን እያነሳሁ ነበር። ለማን እንደማነሳ ጠየቀኝ። ለራሴ ነው አልኩት። ለራሱ ብሎ የማያውቀውን ሰው ፊት የሚሰበስብ ጤነኛ የለም አለኝ። ይህን ያለው ጮክ ብሎ ስለነበር ሰው ከበበን። አንዱ ከእነዚህ ወገን ናት አለ፣ ሌላው ከእነዚያ ናት አለ። ከየትኛውም ብሆን መጨረሻው አያምርም ነበር። ክሊኒካችን የምትታከም አንዲት ዳቦ ሻጭ አውቃኝ «ደም የምትቀዳው ልጅ እኮ ናት፣ ተዋት» ብላ ባታስለቅቀኝ ኖሮ እኔም ካሜራዬም ምን እንደምንሆን እንጃ። ቤቴ ስገባ ካሜራውን ከነቦርሳው ቁም ሳጥን ውስጥ፣ ከብርድ ልብሶቹ ሥር ቀበርኩት።

ያኔ ማን እንደነበርኩ ልንገራችሁ። ሰብለ እባላለሁ። በከተማችን አንድ የግል ክሊኒክ ውስጥ የላቦራቶሪ ባለሙያ ነኝ። ሥራዬ ደም መቅዳት፣ በማይክሮስኮፕ ማየትና ውጤት መጻፍ ነው። ፎቶ የጀመርኩት ያሬድ ከሚባል የሥራ ባልደረባዬ ጋር ነው። እሑድ እሑድ አንዳንድ ያገለገለ ካሜራ አንግተን እንወጣለን፤ መናኸሪያ፣ ገበያ፣ የበግ ተራ፣ አንዳንዴ ጣርማ በር ድረስ ሄደን ከጉም ውስጥ የሚወጡትን የጭነት መኪኖች እናነሳለን። በኋላ ያሬድ አዲስ አበባ ገብቶ የሠርግ ፎቶ አንሺ ሆነ። ብቻዬን ቀረሁ።

ብቻውን የሚያነሳ ሰው ቶሎ ይሰለቻል። መንገዱ ዛሬ ክፍት ነው ሲባል ነገ ይዘጋል። ኢንተርኔት ሲቋረጥ ያነሳሁትን ለማንም ማሳየት አልችልም። ሲመለስም አንድ የቴሌግራም ቡድን ውስጥ እለጥፈዋለሁ፤ ሁለት ሦስት የማላውቃቸው ሰዎች አውራ ጣት ያደርጉልኛል፣ በቃ። እናቴ አፍ አውጥታ ባትናገርም፣ ሰው ትዳር በሚይዝበት ዕድሜ እኔ የሰው አህያ ስከተል መዋሌ ታሳዝናታለች። ማንም ያላዘዘኝን ሥራ፣ ማንም ሳያየው፣ በብርድ እየተንቀጠቀጥኩ የምሠራው ለምንድን ነው እያልኩ ራሴን መጠየቅ ከጀመርኩ ቆይቻለሁ። የገበያው ሰውዬ የጠየቀኝ ያንኑ ጥያቄ ነው። እሱን ያስቆጣው መልስ እኔንም አላሳመነኝም።

የቀረኝ አንድ ነገር ነበር። የክሊኒካችን ባለቤት የሆኑት ዶክተር ተባብረውኝ፣ የታተሙ ጥቂት ፎቶዎቼን በተጠባባቂዎች ኮሪደር ግድግዳ ላይ ሰቅዬ ነበር። በሽተኛው ጀርባውን ለፎቶዎቹ ሰጥቶ አግዳሚው ላይ ይቀመጣል፤ ስሙ ሲጠራ ተነስቶ ይገባል። አንድም ቀን ዞሮ የሚያይ ሰው አላየሁም። ከገበያው ግርግር በኋላ በነበረው ሰኞ ጠዋት፣ ሥራ ሳይበዛ ላወርዳቸው ወንበር ይዤ ወጣሁ።

ሁለተኛውን ፎቶ ከሚስማሩ ላይ ሳነሳ አንድ እጅ ቀሚሴን ከታች ያዘኝ።

«አታውርጂው» አሉኝ።

ቀና ብለው የሚያዩኝ ሴትዮ ቅድም ደማቸውን የቀዳሁላቸው ናቸው። ስማቸውን ካርዳቸው ላይ አይቼዋለሁ፤ አስካለ። ከከተማው ዳር ካለው የተፈናቃዮች መጠለያ የመጡ፣ ፊታቸው የገረጣ፣ ምናልባት ሃምሳ ያልሞላቸው ሴት። ትኩሳቱ ይሆናል ብዬ ወረድኩና ደግፌ ላስቀምጣቸው ሞከርኩ። እሳቸው ግን ፎቶውን ከእጄ ወስደው ወደ መስኮቱ ሄዱ።

ፎቶው አልዩ አምባ ገበያ ላይ የተነሳ ነው። ከአንኮበር ቁልቁል ቆላ ወርዳችሁ የምታገኙት ገበያ ነው። መካከሉ ላይ አንድ አዛውንት የጨርቅ ነጋዴ ቀይ ሻሽ ወደ ብርሃኑ ዘርግተው ለገዢ ያሳያሉ። ብርሃኑ በሻሹ አልፎ ፊታቸውን አቅልቶታል። ካነሳኋቸው ሁሉ የምኮራበት እሱ ነበር። ከኋላ ያለው ግርግር ዓይን እንዳይሻማ ብዬ ሌንሱን ከፍቼ ሁሉን ነገር አደብዝዤዋለሁ። እትዬ አስካለ ግን ሽማግሌውን አላዩም። ጣታቸው ያረፈው ከግራ በኩል፣ ከፎቶው ጥግ፣ ሳፋ ታቅፋ በቆመች አንዲት ልጅ ላይ ነበር። እዚያ መኖሯን እኔ ራሴ ከዚያ በፊት ልብ ብዬ አላውቅም።

«ይቺ የእኔ ልጅ ናት» አሉኝ።

ላቦራቶሪ ውስጥ አስገብቼ አስቀመጥኳቸው፤ ታሪካቸውንም እዚያው ነገሩኝ። ባላቸውን ተከትለው ወደ አገሪቱ ምዕራብ ሄደው እዚያ ብዙ ዘመን ኖረዋል፤ ቡናና በቆሎ ነበራቸው። አንድ ቀን ሲመሽ ተኩስ መጣ። ባላቸው በሩ ላይ ወደቀ። እሳቸው ፋንታዬ የምትባለውን አንድ ልጃቸውን እጇን ይዘው ወደ ጫካው ሮጡ። ወንዝ ሲሻገሩ ሰው ተጋፋ፣ እጃቸው ተላቀቀ። ከዚያ ወዲህ ሁለት ክረምት አልፏል። የጠየቁት ሰው ሁሉ ወይ አላየኋትም ይላቸዋል፣ ወይ ከእነ እገሌ ጋር ወደዚህ ሄደች ይላቸዋል። ሰው እንዲያይላቸው የሚያሳዩት ፎቶ እንኳ የላቸውም፤ ቤታቸው ከነዕቃው ተቃጥሏል።

ዋናውን ፋይል ከኮምፒውተሩ ፈልጌ ከፈትኩና ልጅቷን አጎላኋት። ባጎላሁት ቁጥር ፊቷ እየፈረሰ ወደ ትናንሽ አራት ማዕዘኖች ተለወጠ። ዓይኗ የትኛው እንደሆነ፣ አፏ የትኛው እንደሆነ አይለይም። በዚያው ቀን ያነሳኋቸውን ሌሎቹንም አገላበጥኩ። በአንዱ ላይ ዞራ ሻሿና ክንዷ ብቻ ይታያል። እትዬ አስካለ ግን አንድ እግሯ ላይ ተደግፋ የቆመችበትን አኳኋን፣ አንገቷን ዘመም ያደረገችበትን እያሳዩኝ ምንም አልተጠራጠሩም። እኔ መጠንቀቅ ፈለግሁ። ፎቶው ደብዛዛ ነው፣ እንዲህ የምትቆም ልጅ ብዙ ናት፣ ተስፋዎን ሁሉ እዚህ ላይ አይጣሉ አልኳቸው።

«አንቺ ፎቶውን ታውቂዋለሽ» አሉኝ። «እኔ ልጄን አውቃታለሁ።»

ብቻቸውን ቢሄዱ አገሩን አያውቁትም፤ መኪና ውስጥ መሳፈርም ይፈራሉ። ፎቶውን ያነሳሁት ደግሞ እኔ ነኝ። ትኩሳታቸው እስኪለቃቸው መድኃኒታቸውን እንዲጨርሱ ለመንኳቸው። ከዚያ ፈቃድ ጠየቅሁና፣ የአልዩ አምባ የገበያ ቀን ሲደርስ በማለዳ መናኸሪያ ተገናኘን። እትዬ አስካለ በፌስታል አንድ ሰማያዊ ሹራብ ይዘው ነበር፤ ደብረ ብርሃን ስትገባ ብርዱ እንዳይመታት ብለው ከሰልባጅ ተራ የገዙት ነው። እኔ ካሜራዬን ከብርድ ልብሶቹ ሥር አውጥቼ ይዤ ነበር። እናትና ልጅ ሲገናኙ የሚሆነውን በሐሳቤ ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ፤ ከየት አቅጣጫ እንደማነሳው ሳይቀር።

ሹፌሩ መንገዱ ለጊዜው ሰላም ነው አለን። ከከተማው ወጥተን ጥቂት እንደሄድን ግን ገመድ የተወጠረበት ኬላ ገጠመን። ታጣቂዎቹ ሁላችንንም አስወርደው መታወቂያ ይጠይቁ ጀመር። ሚኒባሱ ሲቆም እትዬ አስካለ እጄን ያዙ፤ ጥፍራቸው መዳፌ ውስጥ ገባ። ሲሰደዱ መንገድ ላይ ከመኪና እንዲወርዱ ተደርገው ያልተመለሱ ሰዎችን እንዳዩ ቀድመው ስላወሩኝ፣ እኔም አጥብቄ ያዝኳቸው።

አንዱ ወጣት ታጣቂ ቦርሳዬን ከፍቶ ካሜራውን አገኘ። ፊቱ ተለወጠ። ማን እንደላከኝ ጠየቀኝ። ለማን ነው የምታነሺው የሚለው ጥያቄ በሌላ ሰው አፍ መምጣቱ ነው። መልሱን ስፈልግ ጓደኛውን ጠራው፤ ጓደኛው ደግሞ ካሜራው እዚያው እንዲቀር፣ እኔም ከተሳፋሪዎቹ ተለይቼ እንድቆም አዘዘ። ሹፌሩ ወደ መሬት ያያል። ተሳፋሪዎቹ ትንሽ ትንሽ እያሉ ከእኔ ራቁ።

ያን ጊዜ እትዬ አስካለ ማንም ሳይጠራቸው መጡ። እንደዚያ የሚፈሩት ሴት፣ ነጠላቸው ውስጥ እጃቸውን ሰደው ፎቶውን አወጡና ለወጣቱ ዘረጉለት። ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነበር።

«ልጄን ነው የምፈልገው። ጠፍታብኝ ነው። ይቺ ልጅ ባታነሳት ኖሮ የት እንዳለች አላውቅም ነበር። ካሜራውን ብትወስደው ውሰደው፣ እሷን ግን ልቀቃት፤ መንገዱን የምታውቀው እሷ ናት።»

ወጣቱ ፎቶውን ይዞ ረጅም ጊዜ አየው። ምን እንዳሰበ አላውቅም። ምናልባት እሱንም የምትፈልገው እናት ይኖር ይሆናል። ፎቶውን በሁለት እጁ መለሰላቸውና ካሜራውን ቦርሳዬ ውስጥ አስገብቶ ዚፑን ዘጋው። ስመለስ አንገቴ ላይ እንዳላንጠለጥለው ብቻ ነገረኝ።

የአንኮበር ከተማ ጎረቤላ ስንደርስ ጉሙ ቤቶቹን ውጧቸው ነበር። ከዚያ የእህል ጭነት የያዘ አይሱዙ ላይ፣ ጆንያ ላይ ተቀምጠን፣ ገደል ገደሉን እየተጠማዘዝን ወረድን። በወረድን ቁጥር ጉሙ ተገፈፈ፣ ሙቀቱ መጣ፣ ገብሱ አልቆ ማሽላው ተተካ። እትዬ አስካለ ጋቢያቸውን አጥፈው ጭናቸው ላይ አኖሩትና ስለ ፋንታዬ ያወሩልኝ ጀመር። ክፍል ውስጥ ጎበዝ ናት። ጎመን አትወድም። ስትናደድ ቤቱን ትጠርጋለች፤ የተጠረገውንም ደግማ ትጠርጋለች። መንገዱን ሙሉ ስለሞተው ባላቸው አንድም ቃል አልተነፈሱም።

ገበያው ሞቅ ብሎ ነበር፤ ግመሎች፣ የሽንኩርት ክምር፣ ጨው፣ ጥጥ። ሽማግሌውን ማግኘት አላስቸገረም፤ ያው በነበሩበት ቦታ ተቀምጠዋል። ጋሽ ሰይድ ይባላሉ። ፎቶውን ስንሰጣቸው መነጽራቸውን አደረጉ፤ ራሳቸውን ሲያዩ ትንሽ ፈገግ ብለው መቼ እንዳነሳኋቸው ጠየቁኝ። ልጅቷን ስናሳያቸው ግን ፈገግታው ጠፋ። ፎቶውን ገልብጠው ጉልበታቸው ላይ አኖሩትና ማን እንደሆንን፣ ከየት እንደመጣን፣ ልጅቷን ለምን እንደምንፈልጋት በየተራ ጠየቁን። ዘመድ ነን እያሉ መጥተው ሴት ልጆችን የወሰዱ ሰዎች በዚህ አገር ታይተዋል አሉን። ልጃገረዶቹ የት እንደደረሱ እስከ ዛሬ አይታወቅም።

እትዬ አስካለ አልተቆጡም። መፈናቀላቸውን፣ ወንዙን፣ የተላቀቀውን እጅ ነገሯቸው። ጋሽ ሰይድ አንገታቸውን ደፍተው ሰሙ።

«ልጅቷ እዚያ ሀዋ ሻይ ቤት ነው የምትሠራው» አሉ በመጨረሻ። «ከመጣች ዓመት ይሆናታል። እዚህ ሰሚራ ነው የምትባለው።»

«ስሟን ቀይራ ይሆናላ፣ አባቴ» አሉ እትዬ አስካለ። «በእኛ የደረሰው የደረሰበት ሰው ስሙንም ይፈራል።»

«ይሆናል። አላህ ያውቃል። የሰው ሴት ልጅ ፊት እየተመለከትኩ አላጠናሁም፤ ምልክቷን ብትነግሪኝም አላውቀውም። የማውቀው አንድ ነገር ነው። እናቷን ትጠብቃለች። መኪና በመጣ ቁጥር ከሻይ ቤቱ ወጥታ ታያለች።»

እትዬ አስካለ የጨርቅ ጥቅሉ ላይ ተቀመጡና ፌስታሉን ደረታቸው ላይ አጥብቀው ያዙ። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ የሚጸልዩ መሰለኝ። ጋሽ ሰይድ፣ ልጅቷ እንዳትደነግጥ መጀመሪያ ብቻቸውን ሄደው እንደሚነግሯት፣ እኛ ሱቃቸውን እየጠበቅን እዚያው እንድንቆይ ነግረውን ተነሡ። ከዘራቸውን እየተደገፉ በሰው መካከል ጠፉ።

እኔም አመንኩ። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ስጠራጠር የነበርኩት ሴት፣ ያን ጊዜ ከልቤ አመንኩ። ካሜራዬን አውጥቼ ብርሃኑን ለካሁ። ልጅቷ የምትመጣበትን አቅጣጫ አይቼ፣ ሸራው ጥላ እንዳይጥልባቸው ወደ ቀኝ ፈቀቅ አልኩ። ጠበቅን። አንድ ሰው መጥቶ የሻሽ ዋጋ ጠየቀን፤ የሚመልስለት ሲያጣ ሄደ።

ከዚያ ሰው ሲገፋ፣ ሲጮህ ሰማሁ። ልጅቷ እየሮጠች መጣች። ሻሿ ከራሷ ወርዶ አንገቷ ላይ ተጠምጥሟል፤ እጆቿ እስከ ክርኗ የሳሙና አረፋ ናቸው። ጋሽ ሰይድ ከኋላዋ ሊደርሱባት አልቻሉም። የሽንኩርት ጆንያ ረግጣ ዘለለችና ሱቁ ደፍ ላይ ደርሳ ቆመች። እትዬ አስካለ ተነሡ።

ሁለቱ ተያዩ። ካሜራው በእጄ ነበር፤ ጣቴ መጫኛው ላይ ነበር። አልተጫንኩትም።

እትዬ አስካለ ሄደው ፊቷን በሁለት እጃቸው ያዙት። ወደ ብርሃኑ አዞሩት። ግንባሯን፣ ጆሮዋን፣ አገጯን በአውራ ጣታቸው እየዳበሱ አዩ። ልጅቷ ሳትንቀሳቀስ አሳየቻቸው። ቆዩና እጃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«አይደለችም» አሉ፤ ለእኔ ነበር የነገሩኝ።

ልጅቷ አሁንም ዓይኗን ከእሳቸው አላነሳችም። ትንፋሿ እየተቆራረጠ ጠየቀች።

«እሷ ናት የላከችሽ?»

መጀመሪያ ያልገባኝ ጋሽ ሰይድ ደርሰው እያለከለኩ ሲያስረዱ ገባኝ። እሳቸው «እናትሽ ነኝ የምትል ሴት መጥታለች» ነው ያሏት። የሰሚራ እናት ዘይነባ ትባላለች። ልጇን አያቷ ጋ ትታ ዓረብ አገር ሄዳለች። መጀመሪያ ትደውል ነበር፣ ከጅዳ። ከዚያ ስልኩ ተቋረጠ። አያትየው ሞቱ። ልጅቷ እናቷ ስትመለስ በምታልፍበት መንገድ ላይ ልጠብቃት ብላ እዚህ ሥራ ያዘች። እነሆ ሳህን ስታጥብ መጣችልሽ ተባለች፤ ሮጠችም።

እትዬ አስካለ የነጠላቸውን ጫፍ ይዘው የልጅቷን እጆች፣ አንዱን ከዚያም ሌላውን፣ አረፋውን ጠረጉላት።

«አይ ልጄ» አሏት። «ማንም አልላከኝም። እኔም የራሴን ፍለጋ ነው የመጣሁት።»

ሰሚራ ያን ጊዜ አለቀሰች። ጮክ ብላ አይደለም፤ ቆማ፣ እጇን እትዬ አስካለ እጅ ውስጥ እንደተወችው። እትዬ አስካለ አላለቀሱም። ጋሽ ሰይድ ጥፋታቸው እንደሆነ ሁሉ ሁለቱንም ይቅርታ ይጠይቁ ነበር። በሕይወቴ እንደዚያን ጊዜ የትም ልጠፋ ተመኝቼ አላውቅም።

ጥቂት ቆይታ ልጅቷ ያመጣንን ፎቶ ልታየው ጠየቀች። ሰጠኋት። መጀመሪያ ሽማግሌውን አየች፣ ከዚያ ጥጉን። አቀረበችው፣ አራቀችው።

«እኔ ነኝ ይቺ?» አለችኝ። «ፊቴ እኮ የለም።»

ሌንስ እንዴት እንደሚያደበዝዝ፣ ከፊት ያለው ሰው ጎልቶ እንዲወጣ ከኋላ ያለው እንደሚጠፋ ልነግራት ጀመርኩና የምናገረው ነገር ሲሰማኝ አቆምኩ። ልጅቷ ፊቷን በሻሿ ጠርጋ፣ ሻሿን አስተካክላ፣ እንደገና እንዳነሳት ነገረችኝ። ፎቶው ጅዳ ያሉ ሰዎች ዘንድ ከደረሰ እናቷ ታየው ይሆናል፤ ስትሄድ ልጅ ስለነበረች አሁን ብታያት ላታውቃት ትችላለች። ስለዚህ ፊቷ በደንብ ይታይ። አነሳኋት። ፊቷ እንዳይደበዝዝብኝ ደጋግሜ አነሳሁ። አንዴም አልሳቀችም፤ ሌንሱን ግን እንደዚያ ያየው ሰው አላውቅም።

ስንመለስ ጎረቤላ መኪና አጥተን አደርን። ጠዋት ውርጭ ነበር። ሚኒባሱ እስኪሞላ መንገድ ዳር ስንቆም እትዬ አስካለ ይንቀጠቀጡ ነበር። ሹራቡን ይልበሱት አልኳቸው። የእሷ ነው ብለው ፌስታሉን ወደ ጋቢያቸው ውስጥ አስገቡት። ከቆይታ በኋላ ከእኔ ራቅ ብለው ግድግዳውን ተደግፈው ቆሙና ነጠላቸውን ከራሳቸው ወደ ኋላ አደረጉት።

«እኔንም አንሺኝ። እሷም እኔን እየፈለገች ከሆነ በምን ታገኘኛለች?»

አነሳኋቸው። በኬላው ስናልፍ ያ ወጣት አልነበረም። ሌሎቹ ቦርሳዬን ሳይከፍቱ አሳለፉን።

ሁለቱን ፎቶዎች ለያሬድ ላክሁለት፤ እሱ ደግሞ ለሚያውቀው ሁሉ። ከጅዳ አንዲት ሴት ዘይነባን አውቃታለሁ ብላ ጻፈች። የት እንዳለች ወዲያው ጠየቅኋት። ከዚያ ኢንተርኔቱ ተቋረጠ። ሲመለስ የሴትዮዋ መልእክት ይጠብቀኝ ነበር፤ ዘይነባ ታማ ሆስፒታል ገብታ ነበር፣ ከዚያ ወዲያ የት እንደደረሰች የሚያውቅ የለም። ይህን ለሰሚራ በጋሽ ሰይድ ስልክ ነገርኳት። እናቷ ፎቶውን አይታው እንደሆነ ጠየቀችኝ። አላውቅም አልኳት። እውነቱም ያ ነው፤ አላውቅም። ስለ ፋንታዬ እስከ ዛሬ አንድም ወሬ አልተሰማም።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ካሜራ የያዛችሁ፣ እንዴት ሳይሰለቸኝ ልቀጥል እያላችሁ እንደ እኔ ራሳችሁን የምትጠይቁ፣ የምነግራችሁ ብልሃት የለኝም። መጽናኛም የለኝም። አንድ ፎቶ የጠፋ ሰው አገኘ ብዬ ብጽፍላችሁ እንዴት ደስ ባለኝ፤ የእኔ ፎቶ ያደረገው ለሁለት ሰዎች አላግባብ ተስፋ ሰጥቶ መልሶ መንጠቅ ነው። ከዚያ ቀን በኋላ ካሜራውን ለዘላለም መቅበር የሚገባኝ ይመስለኝ ነበር፤ ለጥቂት ሳምንትም አልነካሁትም። ያወጣሁት ስለ ተነቃቃሁ አይደለም። ከመጠለያው ሰዎች መምጣት ስለ ጀመሩ ነው። እትዬ አስካለ አውርተው ይሆናል። ሳይታመሙ ወደ ክሊኒኩ ይገባሉ፣ ኮሪደሩ ውስጥ ከፎቶ ፎቶ እየተዘዋወሩ ያያሉ፣ ምንም ሳይናገሩ ይወጣሉ። ፎቶዎቹ ያው የቆዩት ሲሆኑ ተመልሰው አይመጡም። አዲስ ስሰቅል ይመጣሉ።

አሁን የማነሳው እንደ ድሮው አይደለም። ሌንሱን አጥብቤ ከፊት ያለውም ከዳር ያለውም እኩል እንዲታይ አደርጋለሁ። የቴሌግራም ቡድኑ ሰዎች ፎቶዎችሽ ተጨናንቀዋል፣ ዓይን የሚያርፍበት የለም ይሉኛል። እውነታቸውን ነው። ሰው ሲጠይቀኝ ለማን እንደማነሳ በግልጽ እነግረዋለሁ፤ አንዳንዱ ይሰድበኛል፣ አንዳንዱ ግን የጠፋበትን ሰው ስም ይነግረኛል። መንገዱ አሁንም ይዘጋል። አሁንም እፈራለሁ።

እትዬ አስካለ ባለፈው ሳምንትም መጥተው ነበር። የደብረ ሲናን ገበያ አዲስ ፎቶዎች በላቦራቶሪው ኮምፒውተር ከፈትኩላቸው። እሳቸው መካከሉን አያዩም፤ ከዳር ጀምረው፣ ጥግ ጥጉን፣ ሰው በሰው ትከሻ ላይ ብቅ ያለበትን ቦታ እየፈለጉ ቀስ ብለው ወደ ውስጥ ይገባሉ። እስከ መጨረሻው አዩ። ከዚያ ተነሥተው ነጠላቸውን አስተካከሉና መቼ እንደገና እንደምወጣ ጠየቁኝ።

ቅዳሜ አልኳቸው።

ቅዳሜ ዘነበ። ወጣሁ።